የተጣለ እህል፣ ምግብና የቤት ዕቃ ስናነሣ ጤናችንን እንዴት እንጠብቅ? ከጎጃም ገበያ እስከ ጓዳ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በደብረ ማርቆስ የገበያ ቀን ሲመሻሽ እህል ተራ ባዶውን አይቀርም። ከኬሻ የፈሰሰ በቆሎ አለ፣ ከሚዛን ሥር የተበተነ ጤፍ አለ፣ ከጋሪ ላይ የተንጠባጠበ ስንዴም አይጠፋም። መጥረጊያና ሰፌድ የያዙ እናቶች ይህን ሰብስበው፣ አንጠርጥረውና አበጥረው ለቤታቸው ያደርሱታል። ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ ገብቶ ቃርሚያ መልቀም የኖረ ልማድ ነው፤ በከተማም መቃረም ነውር የለበትም። ምግብ ከሚበሰብስ ሰው ቢበላው፣ ወንበር ከሚቃጠል ሰው ቢቀመጥበት ይሻላል።

ሆኖም በሁለቱ ቃርሚያዎች መካከል ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። ማሳ ላይ የቀረው ዛላ ለምን እንደቀረ ይታወቃል፤ አጫጁ ስለዘለለው ነው። ከገበያ መሬት ወይም ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተገኘው ግን ለምን እንደተጣለ አይታወቅም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማንሣታችሁ በፊት «ይህ ለምን ተጣለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለበዛ፣ ስለተጨፈለቀ ወይም ባለቤቱ አዲስ ስለገዛ ከሆነ ይነሣል። ተመርዞ፣ ሻግቶ ወይም ትኋን ገብቶበት ከሆነ እዚያው ይቅር። መልሱ ካልተገኘ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ እሳት ወይም ሳሙና ያስተካክለዋል ወይ? «እሳት ሁሉን ያነጻል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ይጎዳል። እሳት ተዋሲያንን ይገድላል። መርዝን ግን በአብዛኛው አያጠፋም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው አደገኛ ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ መርዞች ናቸው።

ከቤት ሳትወጡ

ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ከማውጣት ገንዳ ሳይገባ መጠየቅ እጅግ ይሻላል። አትክልት ሻጯን «እታለም፣ የማይሸጥልሽን አታስቀሪልኝም?» ማለት፣ የሆቴሉን ወጥ ቤት ኃላፊ በየስንት ሰዓቱ ትራፊ እንደሚወጣ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ምግቡ መቼ እንደተሠራ ታውቃላችሁ፣ ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይነካካም፣ «ሌባ» የሚላችሁም አይኖርም።

የግንበኛ ወፍራም ጓንት፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ፣ ጫፉ የተቆለመመ ዱላና ሁለት የተለያዩ ከረጢቶች ያዙ፤ አንዱ ለምግብ ብቻ ይሁን። ከረጢትና ገንዳ ውስጥ እጃችሁን በጭፍን አትስደዱ፤ በዱላ ገልጣችሁ እዩ። መርፌ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም ደም የነካው ጥጥ ካያችሁ ከዚያ ክምር ምንም አታንሡ። ምስማር ወይም ቆርቆሮ ቢወጋችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልጋል። ቆሻሻ ዙሪያ የሚውል ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በወራጅ ውሃ እጠቡና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ፈልጉ። ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውምና። ልጆችን ወደዚህ ሥራ አትውሰዱ።

ከእህል ተራ የተጠረገ እህል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምናገረው በጎጃም ከሚቃረመው ነገር ሁሉ እህል ብዙ ስለሆነና አደጋውም ዓይን ላይ ስለማይታይ ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ሐምራዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ በቆሎ ወይም ስንዴ ምርጥ ዘር ነው። ከነቀዝና ከሻጋታ እንዲጠበቅ በኬሚካል የታሸ ሲሆን፣ ቀለሙም «አይበላም» ለማለት ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። በቆሎ በሚዘራበት በግንቦትና በሰኔ ከዘር የተረፈ እዚህም እዚያም ይወድቃል። ማጠብ ቀለሙን ሊያስለቅቅ ይችላል፤ መርዙን ግን አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ1971 እና 1972 በኢራቅ ለዘር የመጣና በሜርኩሪ ውህድ የታሸ ስንዴ ዳቦ ተጋግሮ ተበልቶ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሞቱ። አጥበው የጋገሩትም ነበሩበት። ቀለም ያለበትን ፍሬ ከንጹሑ ለይታችሁ ለማትረፍ አትሞክሩ፤ አንድ ላይ የተቀላቀለውን በሙሉ ተዉት። ለዶሮም አትስጡ።

ቀጥሎ ሻጋታ። በቆሎና ለውዝ ሳይደርቁ ሲከማቹ የሚያበቅሉት አረንጓዴና ቢጫ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቆላትም፣ መቀቀልም፣ መጋገርም አያስወግደውም። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነክቶት የሰነበተ እህል ሲገኝ ጠርጥሩ። እፍኝ አድርጋችሁ አሽትቱት፤ የጎተራ እርጥበት ከሸተታችሁ ወይም ፍሬዎቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ አትውሰዱት። ደህና የሚመስለውን ደግሞ በእጅ ልቀሙ፤ የተሰበረ፣ የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም በነቀዝ የተበሳ ፍሬ ሁሉ ይውጣ፤ መርዙ በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ላይ ነውና። ከዚያ በሰፊ ድስት ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን ቀፍፋችሁ ድፉት። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ስለዚህ በጣም የተበላሸውን ለማትረፍ አይረዳም።

«ለሰው ካልሆነ ለከብት ይሁን» የሚለው ሐሳብም አያዋጣም። የሻገተ እህል ወይም የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን በወተቷ መልሳ ትሰጣለች፤ ያንን ወተት የሚጠጣው ሕፃን ነው። ለጠላም አታውሉት፤ መርዙ ወደ መጠጡም ወደ አተላውም ያልፋል። የሻገተው ይቀበር።

ሦስተኛው የባዕድ ዘር ነው። እንክርዳድ ራስ እንደሚያዞር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከእሱ የሚከፋው አስተናግር ነው። በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነ ተክል ነው። ዘሩ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለውና ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥቂት ፍሬ እንኳ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያፈዝዛል፣ ያስቀባዥራል፤ ሲበዛም ይገድላል። ጤፍ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጤፉ በወንፊቱ ያልፋል፣ የአስተናግሩ ዘር ከላይ ይቀራል። በቆሎ ከሆነ በተቃራኒው ሰፋ ባለ ወንፊት ዘሩን አሳልፉትና በቆሎውን አስቀሩ። ስንዴና ገብስ ላይ ግን መጠኑ ስለሚቀራረብ በሰፌድ ዘርግቶ፣ በቀን ብርሃን፣ በእጅ ከመልቀም ሌላ መንገድ የለም። ዓይናቸው የደከመ እናት ብቻቸውን አይልቀሙ፤ ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥ።

በመጨረሻም የነቀዝ ኪኒን። ከነጋዴ መጋዘን የወጣ ኬሻ ውስጥ ግራጫ አመድ የሚመስል ዱቄት ወይም ያልሟሟ ኪኒን ካገኛችሁ፣ ወይም ነጭ ሽንኩርት አለዚያም የበሰበሰ አሳ የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ፣ ያ ኬሻ ቤት አይግባ። ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው ጋዝ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። በአንድ ክፍል የሚኖር ሰው እህሉን ከአልጋው ሥር ስለሚያስቀምጥ አደጋው ይብሳል።

ይህን ሁሉ ያለፈ እህል ሦስት ጊዜ በውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ሸራ ላይ በፀሐይ በደንብ ደርቆ ወፍጮ ይሂድ። የመኪና ዘይት ከፈሰሰበት አስፋልት የተጠረገውን ግን አትልፉበት።

አትክልትና ፍራፍሬ

ከቆጋ መስኖ የሚመጣው ሽንኩርት፣ ከአዊ ደጋ የሚወርደው ድንች፣ የመራዊና የባሕር ዳር ማንጎ፣ የቡሬ አቮካዶ ሲረክስ ወይም ሲጨፈለቅ ይጣላል። ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው ድንች ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ የለመለመና ያበቀለ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ይይዛል፤ ይህም በመቀቀል አይጠፋም። ጥቂት ቦታ ብቻ ከለመለመ ልጣጩን ወፈር አድርጋችሁ አንሡ፣ ቡቃያውንም ከነሥሩ ጎርጉራችሁ አውጡ። ግማሹ ከለመለመ ወይም ሲቀመስ ከመረረ ይጣል።

ሻጋታ ሲታይ የፍሬው ጥንካሬ ይወስናል። ካሮትና ጥቅል ጎመን ጠንካሮች ስለሆኑ የሻገተውን ቦታ ዙሪያውን ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቆርጣችሁ ብትጥሉ ቀሪው ይበላል። ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ ግን ውስጣቸው ውሃ ስለሆነ የሻጋታው ሥር በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል፤ ሙሉውን ጣሉት። ሻጋታ ሳይኖረው የተሰነጠቀ ማንጎ ደህናው ክፍል ተቆርጦ በዕለቱ ይበላ፣ አለዚያ ማርማላታ ይሠራበት።

ከመሬት የተነሣ ቅጠላ ቅጠል በጥሬው ለሰላጣ አይሁን። የገበያ መሬት የእንስሳ እበት፣ የሰው እግርና የፍሳሽ ውሃ ያገኘዋል። እጠቡ፣ ከዚያ አብስሉ። በእኛ አገር ከፍታ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ ባሕር ዳር በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ገደማ። ይህም ቢሆን ተዋሲያንን ለመግደል ይበቃል፤ ግን መፍላት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

ከሆቴልና ከድግስ የተረፈ ምግብ

ቡሌ፣ ማለትም የሆቴል ትራፊ፣ እየገዛም ሆነ እየተሰጠው የሚኖር ሰው በየከተማው አለ፤ የዚህ ሰው ጤና ለማንም የሚናቅ አይደለም። መጀመሪያ የድስት ትራፊን ከሳሕን ትራፊ ለዩ። ከድስት በጭልፋ የወጣው በአብዛኛው ደህና ነው። ከሳሕን የተራገፈው የብዙ ሰው እጅና አፍ የነካው ነው፤ ስቴክኒ፣ ሶፍት፣ የአጥንት ስንጣሪና አንዳንዴም የብርጭቆ ስባሪ ይገኝበታል። ስባሪ ከተገኘበት በሙሉ ይጣል። ካልተገኘበት ደግሞ በብርሃን ዘርግታችሁ ልቀሙና እንደገና አፍሉት።

ሰዓቱን ጠይቁ። የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ለብ ባለ ሁኔታ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ተዋሲያን ይራቡበታል። አንዳንዶቹ ተዋሲያን የሚተፉት መርዝ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው መርዝ በተለይ ብዙ ሰው በሚነካው ሥጋና ዓሣ፣ በሩዝና በማካሮኒ ላይ ይፈጠራል። ማለዳ የበሰለና እስከ ማታ በድስት የተቀመጠ ሩዝ ባይሸትም አትውሰዱት። በጥር ሠርግ ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ሲሰጣችሁ እንደተሞላ አታሳድሩት፤ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ሳይበርድ ያድራል። ወዲያው ሰፋፊና ጥልቀት የሌላቸው ዕቃዎች ላይ ገልብጡት፣ ሲበርድ ክደኑት፣ በማግስቱ ጠዋት ከሥር እስከ ላይ እየተማሰለ እስኪንፈቀፈቅ አሙቁት። ሁለት ጊዜ የሞቀ ወጥ ለሦስተኛ ጊዜ አይቀመጥ።

እንጀራ ንጹሕ ሆኖ በዕለቱ ከተገኘ ቆራርጣችሁ በፀሐይ አድርቁና ድርቆሽ አድርጉት፤ ለወራት ይቆያል። አንድ ጥግ ላይ ሻጋታ ከታየበት ግን ያን ጥግ ቆርጦ ሌላውን መብላት አይሆንም። እንጀራ ስስና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ሻጋታው ሩቅ ይደርሳል። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ ወተት፣ ክሬም ያለበት ኬክ ከትራፊ አይነሣም። ከልኳንዳ በዕለቱ የተሰጠ ቁራጭ ሥጋ ውስጡ ቀይ ሳይቀር እስኪበስል ይቀቀል፤ ኮሶ የሚመጣው ከጥሬውና ከለብለቡ ነው። በውስጡ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ እንኳ አይሰጥ፤ ውሻው በሽታውን ወደ ቤተሰቡ መልሶ ያመጣዋል። ሳይታረድ በራሱ የሞተ ከብት ደግሞ በምንም ምክንያት አይነካም፣ አይገፈፍም። አባ ሰንጋ የሚይዘው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ቢላዋ የያዘውንም ነው።

የታሸገ ምግብና ባዶ ዕቃ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ከውጭ በገባ ሳልሳ፣ ዱቄት ወተት ወይም ብስኩት ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከእኛው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። 2022 የሚል ጽሑፍ አይታችሁ «ገና ነው» ካላችሁ ምናልባት ዓመታት ያለፉበትን ነው የያዛችሁት። ያበጠ፣ የሚያፈስስ ወይም ስፌቱ ላይ የተጎዳ ቆርቆሮ ከነጭራሹ አይከፈትም፣ አይቀመስም። በእንዲህ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ የሚኖረው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፤ ነርቭን ሽባ ያደርጋል።

ቱፎርዲ፣ ማላታይን ወይም ሌላ ፀረ ተባይና ፀረ አረም የያዘ ጄሪካን ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ ፈጽሞ አይሆንም። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ስለሚመጥጥ በአሸዋ ቢታጠብም፣ በፍል ውሃ ቢጠመቅም አይለቅም። ብትጥሉት እንኳ ሌላ ሰው እንዳያነሣው ብሱት። ምን እንደያዘ የማታውቁትን ጄሪካንም እንዲሁ።

አልጋ፣ ወንበር፣ ፍራሽ

የስፖንጅም ሆነ የጥጥ ፍራሽ አታንሡ፤ ምክሬ ይኸው ነው። ውስጡን ማየትም ማጠብም አይቻልም። የጨርቅ ሶፋም ወደ እርሱ ይጠጋል። እንጨትና ብረት ግን ይድናሉ።

ዕቃውን ደጅ ላይ እንዳለ መርምሩት። በባትሪ ብርሃን መጋጠሚያዎቹን፣ የምስማር ቀዳዳዎቹንና የታችኛውን ገጽ እዩ፤ ጠንካራ ካርድ በስንጥቆቹ ውስጥ አሳልፉ። እንደ ቀለም ነጠብጣብ ያሉ ጥቁር ነጥቦች፣ የዛገ ብረት የሚመስል እድፍ፣ ነጫጭ እንቁላልና የተገፈፈ ቅርፊት የትኋን ምልክቶች ናቸው። ትኋን ሳይበላ ለወራት መኖር ስለሚችል «ባዶ ቤት ቆይቷል» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም። እንጨቱ ወይም ብረቱ የሚፈታ ከሆነ ፍቱትና የፈላ ውሃ በመጋጠሚያው ሁሉ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል፣ ውሃው ግን ስንጥቁ ውስጥ መድረስ አለበት። በማግስቱ እንደገና መርምሩ። የማሳ ፀረ ተባይ አልጋ ላይ አትርጩ፤ ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ። ላምባም አትቀቡ።

ውራጅ ልብስና አልጋ ልብስ ይቀቀል። መቀቀል የማይችለውን በፕላስቲክ ጠበቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ይህ ለቅማል ነው እንጂ ለትኋን አይበቃም። ቅማል ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን የሚያስተላልፍ በመሆኑ ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ የእንጨቱንና የብረቱን ዕቃ በሳሙና እጠቡ፣ ቀጥሎም በበረኪና አብሱ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ቆሻሻ የበረኪናውን ኃይል ይበላዋል። 5 በመቶ ከሆነ በረኪና ሁለት የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ ለተራ ዕቃ ይበቃል። ደም ወይም ዓይነ ምድር ለነካው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይሁን። አሥር ደቂቃ ቆይቶ በውሃ ይለቅለቅ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል።

አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ደረቁን አትፈግፍጉ፤ አርጥባችሁ ፋቁ፣ የወጣውን ጠቅልላችሁ ጣሉ፣ ልጆች አይቅረቡ። የወደቀ የመብራት ምሰሶ ቆርጦ ወንበር መሥራት ወይም ማገዶ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ይቅር። ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የታከመ እንጨት ስለሆነ ጭሱና አመዱ ይመርዛሉ፤ በምጣድ ሥር ደግሞ በፍጹም አይነድ። የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ ስታገኙ ማኅተሙን አንብቡ፤ በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ «ኤም ቢ» የሚለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ይቅር። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፕውድ አይጠገንም። አሮጌ ማቀዝቀዣ ለዕቃ ማስቀመጫ ከወሰዳችሁ ሕፃን ገብቶ እንዳይታፈን በሩን መጀመሪያ ንቀሉ።

ከበሉ በኋላ ቢያማችሁ

ተቅማጥና ትውከት ከጀመረ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ዱቄት) ውሰዱ። ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ደጋግማችሁ ጠጡ። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳት ከበረታ፣ ሕፃኑ መጥባት ካቆመ ወይም ሽንት ከጠፋ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከእነዚህ የሚለዩ ምልክቶች የመርዝ ናቸው፤ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ሽፋን መውደቅ፣ አፍ ደርቆ መቀባዠር፣ ወይም በተቃራኒው ለሀጭና ላብ መብዛት ከዓይን ብሌን መጥበብ ጋር። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ወተትም አረቄም «ያረክሰዋል» ብላችሁ አታጠጡት። የበላው ምግብ ትራፊ ወይም እህሉ ካለ በፕላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ፤ ጄሪካን ወይም ቆርቆሮ ከሆነም ከነጽሑፉ ይሂድ። ከየት እንደተነሣና መቼ እንደተበላ ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት፤ ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ ነው። አብረው የበሉ ሌሎች ካሉ ባይታመሙም ስማቸውን ጥሩ።